ሾፌር የሌለበት አውራጃ

መኪናው ገሳይ መግቢያ ላይ፣ ከመንገዱ ወጣ ብሎ፣ አፍንጫውን ወደ ደብረ ታቦር አዙሮ ቆሞ ተገኘ። በአሥራ ሰባት ዓመት የፖሊስ አገልግሎቴ ብዙ የተሰረቀ ዕቃ አይቻለሁ፤ እንዲህ ተከብሮ የተቀመጠ ግን አላየሁም። የኋላ ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ ገብቶላቸዋል። የጋቢናው መስኮቶች ጥርቅም ብለው ተዘግተዋል። ሸራው በወጉ ተጣጥፎ በገመድ ታስሯል። የጎደለው ነገር ቢኖር ሸራው ሥር የነበረው መቶ ኩንታል ስንዴ ነው።

«ይኸን ሌባ እናቱ በደንብ አድርጋ አሳድጋዋለች» አልኩ።

አለቃዬ አልሳቀም። መርማሪ መቶ አለቃ ዘውዱ የይፋግ ልጅ ነው። ሜዳ ላይ ያደገ ሰው በመሆኑ የጉና ብርድ ሲነካው ይከፋዋል፤ የካፖርቱን ኮሌታ እስከ ጆሮው ስቦ መኪናውን ሦስት ጊዜ ዞረው። እኔ ሃምሳ አለቃ እሸቴ ግን የተወለድኩት ከጉና ሥር፣ ከገብስና ከድንች በቀር ብዙም በማይበቅልበት ቀዬ ነው። ኮቴን እንኳ አልቆለፍኩም። እንዲያይልኝ ብዬ ነው እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር እኔንም በርዶኝ ነበር።

ዕለቱ ሰኞ፣ ወሩ ኅዳር፣ ዓመቱ 1977 ነው። የዚያን ዓመት ክረምት ጋይንትን ዝናብ ነስቶት፣ የተራበው ሰው ገሳይ ላይ ተሰብስቦ የእርዳታ እህል ይጠብቅ ነበር። እህሉ ደግሞ ደብረ ታቦር፣ ጭነት ጣቢያው ግቢ ውስጥ፣ ስድስት መኪና ላይ ተጭኖ ሃያ ሦስት ቀን ቆሟል። ከስድስቱ አንዱ ትናንት እሑድ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ከተማው በሙሉ የቀበሌ ስብሰባ ተቀምጦ ሳለ፣ በዋናው በር ወጥቶ ሄደ። ያ መኪና ነው አሁን ፊታችን የቆመው።

ዘውዱ ጋቢናው ውስጥ ገብቶ ቆየና ጠራኝ። ከወንበሩ መደገፊያ ላይ ባዶ ጆንያ በአራት ታጥፎ ተቀምጧል። መሪው ላይ ከጉና የታጨደ ጓሳ ሣር ተጎንጉኖ ታስሯል። የራዲያተሩ ክዳን ወልቆ ወንበሩ ላይ ነው፤ ውሃው በሙሉ ወደ ታች ፈስሶ መሬቱ ላይ በረዶ ሠርቷል።

«ውሃውን ለምን አፈሰሰው?» አለኝ።

«መኪናውን ለማበላሸት ነዋ።»

«ሊያበላሽ የመጣ ሰው ጎማ ሥር ድንጋይ አያስገባም። ጆንያውስ?»

የጆንያው ነገር ቀላል ነበር። ነጂው አጭር ሰው ነው፤ ጀርባው ካልተደገፈ እግሩ ፍሬን ላይ አይደርስም።

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር አቶ ጌጡ ሳንጠራቸው መጡ። ሽማግሌ ናቸው፤ ከስተዋል፣ ግን አንገታቸውን ቀና አድርገው ነው የሚሄዱት። ወደ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ወሰዱን። ስንዴው እዚያ ተደርድሯል፤ በር ላይ ሕዝቡ እየተሰለፈ ይሰፈርለታል።

«መቶ ኩንታል ተረከብኩ። አንድ ጣሳ ቢጎድል እኔን ጠይቁኝ» አሉ።

«ማን አስረከበዎት?» አለ ዘውዱ።

«ሾፌሩ ነዋ! የጭነቱን ወረቀት በመስኮት ሰጠኝ። ገሳይ፣ መቶ ኩንታል ይላል። ፈርሜ መለስኩለት።»

ወረቀቱ እውነትም ጋቢናው ውስጥ ነበር፤ ፊርማውም ማኅተሙም አለው።

«ሾፌሩ ማን ነው?»

«ኧረ ጌታየ! ሃያ ሦስት ቀን እህል የጠበቀ ሰው ስንዴ ሲመጣለት የሾፌር መልክ ያያል? ካፖርትና ኮፍያ አየሁ። ከጋቢናው አልወረደም፣ ቃልም አልተነፈሰ።»

«አቶ ጌጡ፣ የተሰረቀ እህል ነው የሚያድሉት።»

ሽማግሌው ትክ ብለው አዩት። «ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ገሳይ ነው። የመጣውም ገሳይ ነው። እሰሩ ካላችሁ እኔን እሰሩ። ከእነዚህ ሰዎች አፍ ግን አንድ ፍሬ አትመልሱም።»

እኔ የዚያ አገር ልጅ ነኝ። በሽማግሌው ኮራሁ፤ ፊቴን ግን እንደ ፖሊስ አጠቆርኩት።

የጭነት ጣቢያው ኃላፊ ጓድ ደሳለኝ ቀጭን ሰው ነው። ጠረጴዛው ላይ ያለው ወረቀት ሁሉ ጠርዝ ለጠርዝ ተስተካክሎ ነው የሚቀመጠው። ገና ወንበር ሳንስብ ይናገር ጀመር።

«ሾፌር የለም፣ ጓድ መቶ አለቃ። ችግሩ የሾፌር እጥረት ነው። በዚህ አውራጃ መመዘኛውን የሚያሟላ ሾፌር አልተገኘም። ለበላይ አካል አራት ጊዜ ጽፌያለሁ።»

«የመኪኖቹ ቁልፍ የት ነበር?»

«እዚያው መኪኖቹ ላይ።»

«ቁልፍ መኪና ላይ ትተው ይሄዳሉ?»

«ሾፌር የለም አልኩዎት እኮ! ማን ይነዳዋል ብዬ ልሥጋ?»

ሳቄን ለመዋጥ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

«ታዲያ ማን ነዳው?» አለ ዘውዱ በእርጋታ።

ደሳለኝ ከወንበሩ ተነሳ። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን መመዘኛ አሳየን። ስምንተኛ ክፍል ያጠናቀቀ። ዕድሜው ከአርባ አምስት ያልበለጠ። ከቀድሞ አሠሪውና ከቀበሌው የድጋፍ ደብዳቤ ያለው። ለቀድሞው ሥርዓት ሹማምንት ያልነዳ። ከታች ደግሞ በቀይ የተሰመረ፦ ከሾፌርና ከተመዘገበ ረዳት በቀር ማንም ጋቢና ውስጥ እንዳይገባ።

«አንድም የሚያሟላ አልተገኘም?»

«አንድ ነበር፤ ሙላቴ። የጉናን መንገድ እንደ እሱ የሚያውቀው የለም ይባላል። ሥራውን ስሰጠው 'ልቤ አልፈቀደም' ብሎኝ ሄደ። ትዕቢተኛ ነው።»

ማታውኑ ሻምበላችን አስጠራን። ሻምበሉ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን የበላዮቹን ይፈራል፣ በዚያ ዘመን ደግሞ የማይፈራ አልነበረም። «ነገሩ የኢኮኖሚ አሻጥር ነው ተብሏል» አለ። «ሐሙስ ከጎንደር መኪና ይመጣል። ያደረገውን ሰው ይዞ ይሄዳል። እዚያ የሚጠብቀውን ታውቁታላችሁ።»

እናውቅ ነበር። ከዚያ ባነሰ ነገር ሄደው ያልተመለሱ ሰዎች ነበሩ። ከሻምበሉ ቢሮ ስንወጣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሌባው ባይገኝ ብዬ ተመኘሁ።

«ነጂውን ለማግኘት ሾፌሮችን መሰብሰብ አለብን» አለ ዘውዱ። ማስታወሻ ደብተሩን አወጣ። «ያሉትን ሁሉ።»

ማክሰኞ ጧት መጀመሪያ የሄድነው ወደ ጋሽ ከማል ነው። ጋሽ ከማል ገበያው ዳር ጨርቅ ይሸጣሉ፤ ከዚያ በፊት ግን ሃያ ሁለት ዓመት ከባድ መኪና ነድተዋል። ዘውዱ ከመሪው የፈታውን የጓሳ ጉንጉን ባንኮኒያቸው ላይ አስቀመጠ። አንስተው አገላበጡት፤ ፊታቸው በራ።

«ይኸን ከየት አመጣኸው?»

«ምን እንደሆነ ቢነግሩኝ ነው የመጣሁት።»

«ጉና ላይ ያደርክ እንደሆነ ውርጩ ራዲያተር ያፈነዳል። ውሃውን ታፈሳለህ። ካፈሰስክ በኋላ ደግሞ አንተ ሳትነቃ ሌላ ሰው ተነስቶ ሞተሩን ያስነሳው እንደሆነ ተቃጠለ ማለት ነው። ስለዚህ መሪው ላይ ጓሳ ታስራለህ። ጓሳ ያየ ሰው ቁልፍ አይነካም። የጉና ሾፌር ቢሞት እንኳ ሳያስር አይሞትም።» ከዚያ ዘውዱን እያዩ ሳቅ አሉ። «የወረታና የይፋግ ሾፌሮች ይኸን አያውቁም። ምን በርዷቸው!»

«እንግዲያው ሰውዬው የእናንተ መንገድ ሰው ነው» አለ ዘውዱ። ጋሽ ከማልን ከላይ እስከ ታች አያቸው። «አጭርም ነው።»

ጋሽ ከማል ከባንኮኒው ጀርባ ሳጥን ላይ ነበር የቆሙት። ከሳጥኑ ወርደው ቁመታቸውን አሳዩት።

«አጭር ነኝ። ግን ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ሦስት ጊዜ አንቀላፍቼ ሦስት ጊዜ ሊቀ መንበሩ በስሜ ጠርቶ ቀስቅሶኛል። ሕዝቡ ሁሉ ስቆብኛል፤ ጠይቅ።»

«ጭነት ጣቢያው ለምን አልቀጠረዎትም?»

«ስምንተኛ ክፍል አልጨረስኩማ። በሃያ ሁለት ዓመት ዶሮ አልገጨሁም ብዬ ብነግረው፣ ዶሮው መመዘኛው ላይ የለም አለኝ።»

«ጓሳ ማሰር የሚያውቅ ሾፌር ደብረ ታቦር ውስጥ ስንት አለ?»

ጋሽ ከማል በጣታቸው እየቆጠሩ ስም ጠሩ። አሥሩም ጣት አለቀ። ሌላ ሊጨምሩ አፋቸውን ከፈቱና ዘጉት።

«አሥር» አሉ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ከቤት ቤት ዞርን። አንዱ ጦር ሠራዊት ውስጥ ታንክ የሚጭን መኪና የነዳ ነው፤ ክፍሉ ስለተበተነ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍለት አጥቷል። አንዱ የቀድሞ አውራጃ ገዥ ሾፌር ስለነበረ ተጥሏል። አንዱ ዕድሜው ከአርባ አምስት በሁለት ወር በልጧል። ሰውየው ወፍጮ ቤት ተቀጥሮ ሞተር ያስነሳል፤ ስለ ጉና ዳገት ሲያወራ እጁ ራሱ ማርሽ ይቀይር ነበር። ዘውዱ ሁሉንም ጻፈ። ሾፌር የሌለበት አውራጃ ውስጥ እስከ ማምሻው አሥር ሾፌር ቆጠርን።

ምርመራው ግን ወደፊት አልሄደም። የቀበሌው የስብሰባ መዝገብ ላይ በየቤቱ ስም ፊት ለፊት ምልክት አለ። ከአሥሩ ሾፌሮች ቤት ምልክት የሌለበት አልነበረም። አሥሩም ስብሰባ ላይ ነበሩ።

አሥረኛው ሙላቴ ነው። ቤቱ ከላይ ሰፈር፣ የድንጋይ አጥር ያለው ትንሽ ግቢ ነው። ባለቤቱ ወይዘሮ እቴነሽ በር ላይ ምስር ስትለቅም አገኘናት። አጭር፣ ደልደል ያለች፣ ዓይኗ የማያርፍ ሴት ናት።

«ሙላቴ! ሁለት ፖሊሶች መጥተዋል። መቶ አለቃው ከፊት፣ ሃምሳ አለቃ እሸቴ ከኋላ» ብላ ጮኸች።

ባሏን ልታስጠነቅቅ ነው ብዬ ታዘብኳት። ሙላቴ ጎንበስ ብሎ በሩን አልፎ ወጣ፤ ረጅም ነው፣ የበሩ መቃን ግንባሩን ሊነካው ምንም አልቀረው። ዕድሜው ገና አርባ አራት ቢሆንም ከተማው በሙሉ ጋሽ ይለዋል። እቴነሽ በርጩማ እጁ ላይ አስያዘችው፤ ተቀመጠ።

«ሥራውን ለምን እምቢ አሉ?» አለ ዘውዱ።

«ልቤ አልፈቀደም።»

«ሰው በረሃብ እያለቀ?»

ሙላቴ አንገቱን ደፋ። የተቆጣችው እሷ ናት። ሰፌዱን መሬት ላይ አኖረችው።

«መቶ አለቃ፣ ሙላቴን በረሃብ አይሞግቱት። በስድሳ ስድስቱ ረሃብ ጊዜ ለወሎ ሰው ሦስት ወር እህል ሲያመላልስ ጋቢና ውስጥ ነው ያደረው። በዚህ ግቢ ቆሞ እሱን በረሃብ የሚያሳፍር ሰው የለም።»

«እቴነሽ» አላት ሙላቴ ዝግ ብሎ፤ ሰፌዱን መልሳ አነሳች።

«እሑድ ጧት የት ነበሩ?»

«ስብሰባ። ፊተኛው ወንበር ላይ።»

እሱም እውነት ነበር። እኔ ራሴ ለጥበቃ በር ላይ ቆሜ አይቼዋለሁ።

ስንወጣ ተናድጄ ነበር። ያ ሁሉ ዝና ያለው ሰው፣ ሕዝብ እየጠበቀው እግሩን አጣጥፎ መቀመጡ ለእኔ ነውር ነው። ለዘውዱም እንዲሁ አልኩት።

«ነውር ያለበት ሰው አልመሰለኝም» አለ። «የከበደው ነገር ያለ ይመስለኛል።»

የቀረን የጭነት ጣቢያው ዘበኛ ነበር። ጋሽ ደምሴ ሰኞ ዕለት ስንጠይቃቸው፣ መኪናውን እንጂ ነጂውን አላየሁም ብለውን ነበር። ረቡዕ ማለዳ ተመልሰን ሄድን። ዘውዱ አልጮኸባቸውም፤ አጠገባቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«ጋሽ ደምሴ፣ ነገ የጎንደር መኪና ይመጣል። ሌላ ሰው ካልተገኘ በሩን የከፈተውን ሰው ይዘው ይሄዳሉ።»

የሽማግሌው እንባ መጣ።

«ሙላቴ ነው» አሉ። «ካፖርቱን አውቀዋለሁ። ኮፍያውን አውቀዋለሁ። ሞተሩን እስኪሞቅ ታግሶ አሞቀው፤ እንደ እሱ የሚያሞቅ የለም። ከዚያ የእሱን ክላክስ ነፋ፣ ሁለት አጭር አንድ ረጅም። ተቀጠረ ብዬ ደስ አለኝ። በሩን በሁለት እጄ በረገድኩለት። ተሰረቀ ሲባል ግን እሱን አሳልፌ አልሰጥም ብዬ ዋሸኋችሁ።»

እኔና ዘውዱ ተያየን። ጋሽ ደምሴ የሚዋሹ አይመስሉም። እኔም አልዋሸሁም። እሑድ በሦስት ሰዓት ሙላቴ ፊተኛው ወንበር ላይ ነበር፤ በዚያው ሰዓት ሙላቴ መኪና እየነዳ በር ወጣ። ደግሞ ረጅም ነው፤ ጆንያ ምን ይሠራለታል?

ዘውዱ ያን ቀን ቁርሱን አልበላም። ጣቢያ ስንደርስ የቀበሌውን መዝገብ አስመጥቶ ከፊቱ ዘረጋና ምልክቶቹን በጣቱ እየተከተለ ቆየ።

«እሸቴ፣ ስም ሲጠራ የሚመልሰው ማን ነው?»

«የቤቱ አባወራ ነዋ። በቤት አንድ ምልክት ነው።»

«ሚስትየው ብትቀርስ?»

«አባወራው ካለ ማን ይጠይቃል? ሁሌም እንዲሁ ነው።»

መዝገቡን ቀስ ብሎ ዘጋው። ሊናገር ሲል በሩ ተንኳኳ። የገቡት ጋሽ ከማልና ሙላቴ ናቸው፤ ክንድ ለክንድ ተያይዘዋል።

«መኪናውን የወሰድኩት እኔ ነኝ» አለ ሙላቴ።

ሻምበሉ ወሬውን ሲሰማ ከቢሮው እየተጣደፈ መጣ። ፊቱ ላይ እፎይታ ነበር፤ ሐሙስ ሳይደርስ ሰው ተገኘ። «ቃሉን ጻፍ!» አለኝ። ጻፍኩ። ሙላቴ አጭር አድርጎ ተናገረ፤ ወሰድኩ፣ ገሳይ አራገፍኩ፣ ተመለስኩ። ስብሰባውስ ሲባል፣ ሾልኬ ወጣሁ አለ። ዋሽቶ አያውቅም መሰለኝ፣ ውሸቱ አያምርበትም።

ዘውዱ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረለት፤ እስክሪብቶውን እጁ ላይ አስያዘው። «ይፈርሙ።»

ሙላቴ ጎንበስ አለ፤ ስሙንም ጻፈ። የጻፈው ግን ከወረቀቱ አጠገብ፣ ባዶው እንጨት ላይ ነበር።

ሻምበሉ ኮፍያውን አወለቀ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለ ዘውዱ፣ ለታላቅ ወንድም እንደሚናገር አድርጎ።

«አራት ዓመት። የዓይን ሞራ ነው አሉኝ። መጀመሪያ ሲመሽ ብቻ ነበር፣ ኋላ ቀኑም ጠፋ።»

«አምና ድረስ ግን ነፋስ መውጫ ይመላለሱ ነበር። እኔ ራሴ መንገድ ላይ እጄን አውጥቼ ሰላም ብዬዎታለሁ፤ እርስዎም መልሰውልኛል።»

ጋሽ ከማል ጫማቸውን ያዩ ነበር።

ያኔ ነው እኔም የገባኝ። ዘውዱ ሰላምታ የሰጠው ለካፖርትና ለኮፍያ ነው። ጋሽ ደምሴ በሩን የከፈቱለት ካፖርትና ኮፍያ ነው። ያ ካፖርት ደግሞ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ እቴነሽ ለብሳው፣ እጅጌውን ሁለት ጊዜ አጥፋ፣ ኮፍያውን በእጇ ይዛ።

«ሙላቴ» አለችው፤ «እስከ አምና የነዳሁትን ሁሉ በስምህ ወስደሃል፣ ምንም አላልኩህም። የእሑዱን ግን አልሰጥህም።»

«እቴነሽ፣ ተይ!»

«አልተውም። መቶ አለቃ፣ እኔ ነኝ።» ወደ ጠረጴዛው ቀረበች። «ሙላቴ ዓይኑ ሲደክም መሪውን ያዝኩለት። እሱ ጎኔ ተቀምጦ መንገዱን በጆሮው እየለየ ይነግረኛል፤ ይኸ ኩርባ ነው፣ እዚህ ማርሽ ቀንሺ፣ እዚህ ፍሬን እንዳትነኪ። ፍተሻ ላይ እሱ ይናገራል፣ እኔ ዝም እላለሁ። የጉና ሾፌሮች ሁሉ ያውቁ ነበር። አንድም አልተናገረብን።»

ጋሽ ከማል ቀና አሉ። «አሥራ አንደኛዋ እሷ ናት» አሉ፤ ድምፃቸው ላይ ኩራት ነበር። «መቶ አለቃ፣ ስትጠይቀኝ ጣት አለቀብኝ።»

ሥራውን ለምን እምቢ እንዳሉ አሁን ግልጽ ሆነ። ከሾፌርና ከተመዘገበ ረዳት በቀር ማንም ጋቢና እንዳይገባ በሚል ሕግ ባልና ሚስት አብረው ሊነዱ አይችሉም። ሙላቴም ሚስቴ ናት የምትነዳው ብሎ ከሚናገር፣ ትዕቢተኛ መባልን መረጠ።

«ለምን ወሰዱት?» አለ ዘውዱ።

«በየቀኑ ውሃ ስቀዳ በጣቢያው በር አልፋለሁ። ስድስት መኪና ተጭኖ ቆሞ አያለሁ። ቅዳሜ ለገበያ የመጣች የገሳይ ሴት ሁለት ሕፃን ቀብረን መጣን አለችኝ።» የካፖርቱን እጅጌ መልሳ አጠፈች። «መንዳት እየቻልኩ ቁጭ ማለት አቃተኝ። አጥሩን ዘልዬ ገባሁ፤ ቁልፉ እዚያው ላይ ነበር።»

«ለምን አልመለሱትም?»

«ናፍጣው ለመሄጃ ብቻ ነበር። ማደሩ ካልቀረ ብዬ ውሃውን አፈሰስኩ፣ ጓሳ አሰርኩ፣ ሲነጋ በእግሬ ተመለስኩ።»

«ጓሳው እንደሚያስይዝዎት አላወቁም?»

በጣም ሞኝ ጥያቄ እንደጠየቃት ሰው አድርጋ አየችው። «አውቄያለሁ። ታዲያ ሞተሩ ይቃጠል?»

ያን መልስ እስከ ዛሬ አልረሳውም። ሕይወቷን የሚያስከፍል ነገር መሆኑን እያወቀች፣ ለአንድ የመንግሥት ሞተር ስትል ምልክት ትታ ሄደች። ደረቴ ተነፋ።

ሻምበሉ ግን ላቡን ጠረገ። «ሴትም ሆነች ወንድ፣ አሻጥር አሻጥር ነው። ነገ ወደ ጎንደር ትሄዳለች። ምን ላድርግ?»

«መጀመሪያ ጓድ ደሳለኝ ይጠራልኝ» አለ ዘውዱ።

ደሳለኝ መጣ፤ ነገሩን ሲሰማ ሳቀ።

«ሴት? ያንን ፊያት? ጉናን? አይቻልም፣ ጓድ መቶ አለቃ! ፈጽሞ አይቻልም!»

«መልካም» አለ ዘውዱ። ከፊቱ ሁለት ንጹሕ ወረቀት አኖረ። «አይቻልም ካሉ እዚህ ይጻፉልኝ፤ እሷ አልነዳችም፣ በአውራጃውም ሌላ ሾፌር የለም። እንግዲያው መኪናውን የነዳው የለም፣ ሌባም የለም። ይቻላል ካሉ ደግሞ እዚህ ይጻፉ።» ደብተሩን ከፈተና አሥራ አንዱን ስም አንድ በአንድ አነበበ። «እነዚህ ሁሉ በእግር አሥር ደቂቃ ርቀት ላይ ሳሉ ስድስት መኪና እህል ሃያ ሦስት ቀን አቁሜያለሁ፣ ገሳይ ላይም ሰው ሞቷል ብለው ይጻፉ። ነገ ከጎንደር የሚመጡት ሰዎች የትኛው አሻጥር እንደሆነ ራሳቸው ይወስኑ።»

የደሳለኝ ፊት አመድ መሰለ። «እኔ መመሪያ ነው ያከበርኩት» አለ። አሳዘነኝ። ክፉ አልነበረም፤ ፊርማውን የፈራ ሰው ነው። ሾፌሮቹን ያጣው ከስማቸው ሥር የራሱን ስም ለማስፈር ስላልደፈረ ነው።

«ሦስተኛ መንገድም አለ» አለ ዘውዱ። «የእሑድ ጉዞ ትእዛዝ። ሾፌር እቴነሽ፣ ከደብረ ታቦር ገሳይ፣ መቶ ኩንታል። እህሉ ወረቀቱ ላይ ያለበት ቦታ ደርሷል፣ የተረከበው ፈርሟል። የጎደለው የእርስዎ ፊርማ ብቻ ነው።»

«መንጃ ፈቃድ የላትም!»

«ጊዜያዊ ፈቃድ የሚሰጠው ይኸው የፖሊስ ጣቢያ ነው» አለ ዘውዱ፣ ወደ ሻምበሉ ዞሮ። «መቶ ኩንታል ተሸክማ የጉናን ትከሻ ተሻግራለች። ከዚህ የሚከብድ ፈተና ካለ ይንገሩኝ፣ ሻምበል።»

ሻምበሉ ሙላቴን አየው፤ እንጨቱ ላይ የተጻፈውንም ስም አየ። ከዚያ መሳቢያውን ከፍቶ ማኅተሙን አወጣ። እሱ ሲያትም የደሳለኝም እጅ ተንቀሳቀሰ፤ ፈረመ።

«ሌሎቹም አምስት መኪኖች ሾፌር ይፈልጋሉ» አለ ዘውዱ፣ ደብተሩን ወደ እሱ እየገፋ። «ሙላቴም በረዳትነት ይመዝገቡ።»

ደሳለኝ አንዴ ከጀመረ በኋላ አላቆመም። እስከ እኩለ ቀን ድረስ ፈረመ።

ሐሙስ ጧት የጎንደር መኪና መጥቶ ሰው ሳይጭን ተመለሰ። ሻምበሉ ለመጡት መርማሪዎች ምን ብሎ እንደ ነገራቸው አልሰማሁም፤ ፋይሉ ላይ ግን ዘውዱ የጻፈውን አንብቤያለሁ። መኪናው አልተሰረቀም፣ ዘግይቶ ነው የሄደው ይላል።

በዚያው ሰዓት አምስቱ መኪኖች ሞተራቸው እየሞቀ ነበር። አንዱን የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ይዟል። አንዱን ጋሽ ከማል፣ ሱቃቸውን ዘግተው። የግቢው አጥር በሰው ተሞልቶ ነበር፤ ሴቶቹ እልል ይላሉ፣ ጋሽ ደምሴም በሩን በሁለቱም በኩል ከፍተው ይዘዋል። እኔ ሰዉን እየገፋሁ መሐል መንገድ ላይ ነበርኩ።

ከአምስቱ መጀመሪያ የተነሳው እቴነሽ የያዘችው ነው። ሙላቴ ጎኗ ተቀምጧል፣ ዓይኑን ጨፍኖ ሞተሩን ይሰማል። የባሏን ካፖርት አልለበሰችም፤ በራሷ ቀሚስ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ነበር። በመስኮቱ ብቅ አለች።

«ሃምሳ አለቃ! ዘወር በል እንጂ፣ መንገድ ዘጋህብኝ!»

ዘወር አልኩ። ከዚያ ተረከዜን ገጥሜ፣ ቀጥ ብዬ፣ ሰላምታ ሰጠኋት።